በጅማ የማኅበረሰብ ኢንተርፕራይዝ ለመጀመር ገንዘብና የሙያ ድጋፍ የሚገኝበት መንገድ፦ ዝርዝር መመሪያ

የአካባቢውን ሰው ችግር እየፈታ በራሱ ገቢ የሚተዳደር የጋራ ሥራ በጅማ ለመጀመር የሚሰባሰቡ ሰዎች፣ ብዙውን ጊዜ ውይይታቸውን የሚከፍቱት «ገንዘቡን ማን ይሰጠናል?» በሚል ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቀድሞ ሲነሳ ሥራውን ያበላሻል፤ ገንዘብ ሰጪው ማን እንደሚሆን የሚወሰነው ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከታወቀ በኋላ ነውና። ባንክ ሊያበድርበት የሚችል ወጪ አለ፤ ለጋሽ ድርጅት ሊሸፍነው የሚችል ወጪ አለ፤ ከአባላት ኪስ ካልወጣ በቀር ማንም የማይነካው ወጪም አለ። ይህ መመሪያ እነዚህን ሦስቱን እየለየ፣ ከሐሳቡ መነሻ ጀምሮ ገንዘቡ ተለቅቆ ሪፖርት እስከሚቀርብበት ጊዜ ድረስ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። በጅሬን አካባቢ የአንድ እድር አባላት የሆኑ 20 ሴቶች፣ ከቡና መቀሸሪያዎች የሚጣለውን ገለባ ሰብስበው ከሰል በማምረት ለከተማው ነዋሪ ለመሸጥ አስበዋል እንበል። ቡድኑም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የወጪ አኃዞች ለማሳያ ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ፕሮፎርማ (ሻጭ በጽሑፍ በሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ይተኳቸዋል።

አንደኛ፦ ሐሳቡን ያለ ብድር መፈተን

ማሽን ከመግዛት በፊት ሁለት ኬሻ የሚሆን ናሙና በእጅ ማምረት ይቻላል። ይህን ናሙና ለ30 ያህል አባወራና እማወራ ያድሉና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከዚህ በፊት በወር ለማገዶና ለከሰል ስንት ያወጡ ነበር፣ አዲሱ ከሰል ጭሱና ቆይታው እንዴት ነበር፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ገበያ ላይ ቢያገኙት በስንት ይገዙታል? «ጥሩ ነው፣ በርቱ» የሚለው መልስ ሰው አክባሪ በሆነው በአካባቢያችን ከጨዋነት የሚመጣ ስለሆነ እንደ ገበያ ማስረጃ አይቆጠርም። ገንዘብ አውጥቶ የገዛ ሰው ስምና የገዛው መጠን ግን ይመዝገብ፤ ይህ አንድ ገጽ ዝርዝር በኋላ ከሚጻፈው ፕሮፖዛል ሁሉ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

ቀጥሎ ወቅቱን ይመልከቱ። በጅማ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ገለባ የሚትረፈረፈው ከዚያ በኋላ ባለው የበጋ ጊዜ ነው። የአካባቢው ዝናብ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚደርስና ለብዙ ወራት የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በክረምት የተመረተ ከሰል ያለ መጠለያ አይደርቅም። ስለዚህ ጥሬ ዕቃውን በበጋ ገዝቶ ማከማቸትና ምርቱን በጣሪያ ሥር ማድረቅ የግድ ነው፤ ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ማሽን ብቻ ይታያቸው የነበሩ ቡድኖች የሚረሷቸው ወጪዎች ናቸው።

የኤሌክትሪክ ነገር ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቅርብ የማውቀው አንድ የወጣቶች ቡድን መፍጫ ማሽን በእርዳታ ካገኘ በኋላ፣ በተሰጠው ሼድ ስሪ ፌዝ የሚባለው፣ ለትላልቅ ማሽኖች የሚያስፈልገው የመብራት መስመር ባለመኖሩ ማሽኑ ከአንድ ዓመት በላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። ማሽኑን የሰጠውም አካል፣ ሼዱን የሰጠውም አካል የየራሱን ድርሻ በትክክል ፈጽሞ ነበር፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሚያይ ባለሙያ ግን አልነበረም። የሚቀጥለው እርምጃ ከገንዘብ ፍለጋው የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፦ ባለሙያውን ከገንዘቡ በፊት መፈለግ

ጅማ በዚህ ረገድ የታደለች ከተማ ናት። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት ጀምሮ የሚታወቀው ማኅበረሰብ አቀፍ በሆነ የትምህርት ሥርዓቱ ነው፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌዎችና ወደ ገጠር እየተላኩ ችግር የሚያጠኑበትና መፍትሔ የሚሞክሩበት ፕሮግራም የመደበኛ ትምህርታቸው አካል ነው። ለምሳሌያችን ቡድን የሚያስፈልገው የገበያ ጥናት በዚህ መንገድ ያለ ክፍያ ሊሠራ ይችላል። ኪቶ ፉርዲሳ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ደግሞ የከሰሉን ጥንካሬና የሙቀት መጠን ለመለካት፣ ለማያያዣ የሚሆነውን ነገር ለመምረጥና የማሽኑን ዝርዝር መግለጫ ለማውጣት የሚጠየቅ በር ነው። ሥራው ከቡና ዛፍ ወይም ከቅመማ ቅመም ጋር የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ወደ መልኮ፣ ወደ ጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል መሄድ ይገባ ነበር።

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት፣ የጅማ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅን ጨምሮ፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የሚሰጡት የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎት አራት ክፍል አለው፦ የቴክኒክ ክህሎት፣ የሥራ ፈጠራ፣ የቴክኖሎጂ ሽግግርና ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በትንሽ በትንሹ ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ። ብዙ ቡድኖች ስለ አገልግሎቱ የሚሰሙት ፈቃድ ካወጡ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ከፌዴራል ተቋማት ደግሞ የኢንተርፕርነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የስድስት ቀን የሥራ ፈጠራ ሥልጠና አለ፤ ከቡድኑ ውስጥ ሥራውን የሚመሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቢወስዱት ይበቃል።

ድጋፍ የሚጠየቅበት መንገድ ውጤቱን ይወስናል። «አስፈላጊውን ድጋፍ ሁሉ እንዲደረግልን በአክብሮት እንጠይቃለን» የሚል ደብዳቤ ለማንም ባለሙያ የሥራ ዝርዝር አይሆንም፤ ተመርቶ ተመርቶ መዝገብ ቤት ይቀራል። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፦ «ከቡና ገለባ የሠራናቸውን ሦስት ዓይነት ናሙናዎች ይዘን ቀርበናል፤ የትኛው ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚነድና የትኛው ማያያዣ በአካባቢያችን በርካሽ እንደሚገኝ እንድናውቅ፣ ለአራት ቀን የሚያማክረን አንድ ባለሙያ እንዲመደብልን እንጠይቃለን።» ባለሙያው ሲመደብ የሥራው ወሰን፣ የቀናቱ ብዛት፣ የትራንስፖርትና የዕቃ ወጪው በማን እንደሚሸፈን በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የመጨረሻው የጥናት ሪፖርት አንድ ቅጂም በቡድኑ እጅ ይቅር። ባለሙያው ሲዛወር ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ቅጂ ነው።

ገንዘብና ሙያ አብረው ሲመጡ ምን እንደሚሆን ለማየት ከጅማ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። አጋሮ አቅራቢያ በጎማ ወረዳ የሚገኘው ዱሮሚና የተባለው የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ስሙ በአፋን ኦሮሞ ባለጸግነት እንደ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲቋቋም የአካባቢው ቡና በአብዛኛው «ጅማ 5» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ በጀንፈልነት፣ ማለትም ከነገለፈቱ ደርቆ፣ የሚሸጥ ነበር። ገበሬዎቹ በባንክ ብድር የእሸት ቡና መፈልፈያ ገዙ፤ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ደግሞ መፈልፈያውን በመትከል፣ ጥራትን በመጠበቅና ሒሳብን በመያዝ ረገድ አማካሪዎችን አቆመላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ አቀፍ የቡና ጣዕም ውድድር ቡናቸው አንደኛ ወጣ። መፈልፈያ በብድር የገዛ ማኅበር በአገሪቱ ብዙ ነው፤ ከመፈልፈያው ጎን በየወቅቱ የቆመ አማካሪ ያለው ግን ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፦ ሕጋዊ ቅርጹን መምረጥ

የሕግ ሰውነት ሳይኖር በቡድኑ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈትም ሆነ ውል መፈረም አይቻልም። ቅርጹን የሚወስነው ትርፉ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ነው።

አባላት ራሳቸው አምርተው ትርፉን በተሳትፏቸው ልክ የሚካፈሉ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመራው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይስማማቸዋል። በዚህ ቅርጽ የዕጣው፣ ማለትም በማኅበሩ ውስጥ የገዛው ድርሻ፣ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን አንድ አባል አንድ ድምፅ ብቻ አለው፤ አንድ ሰው ከተከፈለው ጠቅላላ ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዲይዝም አይፈቀድም። እኔ ለ20ዎቹ ሴቶች የምመክረው ይህንን ነው፤ በእድር የለመዱት አሠራር ከዚህ ብዙ አይርቅምና። ጥቂት ሆነው በንግድ መልክ መሥራት ለሚፈልጉ ደግሞ የ2013ቱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ከ2 እስከ 50 አባላት ያሉትን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ጨምሮ ሌሎች አማራጮች ይሰጣል፤ ለጋሾች ግን ለእንዲህ ያለው የግል ትርፍ ገንዘብ መስጠት አይወዱም።

ትርፉ ለአባላት ሳይከፋፈል ለማኅበራዊ ዓላማ የሚውል ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት መሆን ይቻላል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እነዚህ ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሠማሩ ፈቅዷል፤ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋሙት የአስተዳደር ወጪያቸው ግን ከጠቅላላ ገቢያቸው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቧል። ይህ የፌዴራል አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ በላይ በሆኑ ክልሎች፣ ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠሩትን ስለሆነ፣ ሥራው በጅማና በዙሪያዋ ብቻ የተወሰነ ማኅበር የሚመዘገበው በክልሉ አካል ነው። የመተዳደሪያ ደንብ በሚረቀቅበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት ስላለው ጠይቆ መሞከር አይከፋም። ከጎረቤት ማኅበር ተገልብጦ ስሙ ብቻ የተቀየረ ደንብ፣ ጠብ በመጣ ቀን ማንንም አያድንም። አባል ሲለቅ ዕጣው እንዴት ይመለሳል፣ ሲሞት ማን ይተካል፣ ሥራ የማይገባ አባል ትርፍ ይካፈላል ወይ የሚሉትን ቡድኑ ቁጭ ብሎ ተከራክሮ በራሱ ቃል ይጻፋቸው።

አራተኛ፦ ወጪውን በገንዘቡ ዓይነት መክፈል

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። የምሳሌው ቡድን ጠቅላላ ወጪ 800,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ ማሽኖቹ 400,000 ብር፣ የመብራት መስመር፣ የወለልና የማድረቂያ መጠለያ ሥራ 120,000 ብር፣ ሥልጠና፣ የናሙና ምርመራና የአንድ ዓመት የሒሳብ ባለሙያ ክፍያ 100,000 ብር፣ ገለባ ገዝቶ ለማከማቸትና ለመጀመሪያዎቹ ወራት የሥራ ማስኬጃ 130,000 ብር፣ ለመጠባበቂያ 50,000 ብር ነው።

ማሽን በየቀኑ ገቢ ያመጣልና ራሱን ሊከፍል ይችላል፤ ስለዚህ ለብድር፣ ይልቁንም ለካፒታል ዕቃ ሊዝ ይመቻል። በሊዝ አሠራር አንድ የገንዘብ ተቋም ማሽኑን ገዝቶ በኪራይ ይሰጣል፤ ክፍያው ሲያልቅ ማሽኑ የቡድኑ ይሆናል፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ስለሚሆንም ቤት ወይም መኪና ማስያዝ አይጠየቅም። የተለመደው ተከራዩ 20 በመቶ ሲያዋጣ ተቋሙ 80 በመቶ የሚሸፍንበት መንገድ ሲሆን፣ በዚህ ስሌት 80,000 ብር ከአባላት፣ 320,000 ብር ከሊዝ ይሆናል። ሥልጠና፣ ምርመራና የመሠረተ ልማት ሥራ በቀጥታ ገቢ አያመጡም፤ ለእነዚህ መበደር ቡድኑን ገና ሳይነሳ ያጎብጠዋል። ስለሆነም 220,000 ብሩ ከለጋሽ ወይም ከከተማው አስተዳደር ይጠየቃል። የሥራ ማስኬጃው 130,000 ብር በአጭር ጊዜ ብድር ይሸፈናል፤ ገለባው ከሰል ሆኖ ሲሸጥ ይመለሳል። መጠባበቂያው 50,000 ብር ከአባላት ነው፤ ለመጠባበቂያ ማንም አይለግስም፣ ማንም አያበድርም።

እንግዲህ አባላቱ በድምሩ 130,000 ብር፣ ለእያንዳንዳቸው 6,500 ብር ማዋጣት አለባቸው። በሳምንት 250 ብር ቢቆጥቡ በ26 ሳምንት ይሞላል። ግማሽ ዓመቱ የባከነ ጊዜ አይምሰልዎ፤ ናሙናው የሚፈተነው፣ ደንቡ የሚረቀቀው፣ ፈቃዱ የሚወጣው በዚሁ ጊዜ ነው፤ በየሳምንቱ የተፈረመበት የቁጠባ መዝገብም ለአበዳሪው ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ የተሻለ ምስክር ነው።

ተደጋጋሚ የሆኑ የሙያ ወጪዎች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። በጅማ ዞን በሚገኘው «በለጠ ገራ» በተባለው ደን፣ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ ዋቡብ የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተቋቁመው፣ የደን ቡናቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ሬይንፎረስት አሊያንስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት የምስክር ወረቀት አግኝቷል። ምስክር ወረቀት አንድ ጊዜ ተገኝቶ የሚያበቃ ነገር ስላልሆነ፣ በየጊዜው ለሚደረገው ኦዲትና ቁጥጥር የሚከፈል ወጪ አለው። ማንኛውም ቡድን እንዲህ ዓይነት ምስክር ወረቀት ከማውጣቱ በፊት፣ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ያለውን ወጪ የሚችል የዋጋ ጭማሪ መኖሩን በወረቀት አስልቶ ማየት ይኖርበታል።

አምስተኛ፦ በሮቹን በቅደም ተከተል ማንኳኳት

የመጀመሪያው በር የከተማው ወይም የወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ሼድ፣ ተዘዋዋሪ ብድርና የሥልጠና ምልመላ የሚያልፉት በዚያ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 የሚያልቅ በመሆኑ፣ ጥያቄው ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ እንዲደርስ በበጋ ውስጥ ይግባ፤ በግንቦት የቀረበ ጥያቄ ባዶ ካዝና ይጠብቀዋል።

ብድር በሚፈለግበት ጊዜ ከቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያደገው ሲንቄ ባንክ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክና የአካባቢው የቁጠባና ብድር ማኅበራት ቅድሚያ ሊጠየቁ ይገባል። ወለድ በሃይማኖታቸው ምክንያት ለማይቀበሉ አባላት፣ እነዚህ በጅማ ጥቂት አይደሉም፣ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በብዙ ባንኮች ስላለ፣ ይህ ጉዳይ ቡድኑ ሲመሠረት እንጂ ብድሩ ሊፈረም ሲል መነሳት የለበትም። ቤት ለማስያዝ ለማይችሉም አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ማሽን፣ የተከማቸ ምርትና የመሳሰሉ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች ተመዝግበው ዋስትና እንዲሆኑ በር ከፍቷል፤ አበዳሪውን ስለዚህ በስም ጠቅሰው ይጠይቁት።

ወለዱ የሚሰላበትን መንገድ ሳያውቁ አይፈርሙ። ለ24 ወር 240,000 ብር በ18 በመቶ ተበደሩ እንበል። ወለዱ ሁልጊዜ በመነሻው ብድር ላይ የሚሰላ ከሆነ በሁለት ዓመት 86,400 ብር ይሆናል። በየወሩ 10,000 ብር ከዋናው እየተከፈለ ወለዱ በቀሪው ላይ ብቻ የሚሰላ ከሆነ ግን 45,000 ብር ነው። የወለዱ መጠን በሁለቱም ወረቀቶች ላይ «18 በመቶ» ተብሎ የተጻፈ ነው። የእፎይታ ጊዜ፣ ማለትም ክፍያ ሳይጀመር የሚቆይበት ጊዜ፣ መኖሩንና በእፎይታው ወቅት ወለድ መታሰብ አለመታሰቡንም አብረው ይጠይቁ።

ልገሳን በተመለከተ አነስተኛ ፕሮጀክቶችን በቀጥታ የሚደግፉ የኤምባሲ ፕሮግራሞች አሉ። የጃፓን ኤምባሲ ለማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች የሚሰጠው እርዳታ ለትርፍ ላልተቋቋሙ አካላት የሚውል ሲሆን፣ ግንባታንና መሣሪያን እንጂ ደመወዝንና የሥራ ማስኬጃን አይሸፍንም። የካናዳና የአውስትራሊያ ኤምባሲዎችም ለአካባቢ ተነሳሽነት የሚውሉ አነስተኛ ፈንዶች አሏቸው። ጥሪዎቹ በዓመት ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ስለሚከፈቱ፣ ጥሪ ሲወጣ ሰነድ ማዘጋጀት የሚጀምር ቡድን አይደርስም። በአንድ ለጋሽ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የልማት ድርጅት የነበረው የዩኤስኤድ ገንዘብ በድንገት ሲቆም በአገራችን ያሉ ብዙ ፕሮጀክቶች አይተውታል።

ስድስተኛ፦ ሰነዱን ማዘጋጀት

እስከዚህ ድረስ የተሠራው ሥራ ካለ ፕሮፖዛል መጻፍ ብዙ አያስቸግርም። ለከተማና ለዞን መሥሪያ ቤቶች በአፋን ኦሮሞ፣ ለፌዴራል ተቋማት በአማርኛ፣ ለኤምባሲዎች በእንግሊዝኛ ይቅረብ፤ በሦስቱም ውስጥ ያሉት አኃዞች አንድ መሆናቸውን ከአንድ ሰው በላይ ያመሳክር። ከስምንት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። አብረው የሚያያዙት የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አባላት ሁሉ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ፣ ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ፣ የቁጠባ መዝገቡ ቅጂና የባለሙያው የናሙና ምርመራ ውጤት ናቸው። በኮሚሽን ፕሮፖዛል እንጽፍላችኋለን የሚሉ ደላሎች ከተገኘው ገንዘብ ላይ መቶኛ የሚጠይቁ ከሆነ ይተዉአቸው፤ ለጋሹ እንዲህ ያለውን ክፍያ በበጀት ላይ አይቀበልም፣ ቡድኑም ከየት አምጥቶ እንደከፈለ ማስረዳት አይችልም።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ

የባንክ ሒሳቡ በቡድኑ ስም ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት ፈራሚዎች በጣምራ ያንቀሳቅሱት፤ ገንዘብ ያዧና ሒሳብ መዝጋቢዋ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ፈራሚዎቹም የቅርብ ዘመዳሞች አይሁኑ። ከለጋሽ የመጣ ገንዘብ ከብድሩ ጋር እንዳይቀላቀል ለየብቻው ሒሳብ ቢኖረው ይመረጣል። ገለባ ከሚሸጡ መቀሸሪያዎች ደረሰኝ ማግኘት አንዳንዴ ስለሚያስቸግር፣ ደረሰኝ በሌለበት ጊዜ ሻጩ ስሙን፣ መጠኑንና ዋጋውን ጽፎ የሚፈርምበት የግዥ ቅጽ ለጋሹ ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነ ውል ሲፈረም ያስጽፉ፤ ከወጪ በኋላ የሚቀርብ ማብራሪያ ሰሚ አያገኝም።

ልገሳ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ክፍያ ይለቀቃል፤ ሁለተኛው የሚመጣው የመጀመሪያው ሪፖርት ሲጸድቅ ነው። በዚህ መካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ የመብራት መስመሩና የማድረቂያ መጠለያው በመጀመሪያው ክፍያ ይሠሩ፤ ማሽኑ በሊዝ ተገዝቶ ኪራዩ መቆጠር የሚጀምረው እነዚህ ካለቁ በኋላ ይሁን። የሒሳብ ባለሙያው በዓመቱ ውስጥ በየወሩ እየመጣ መዝገቡን ራሱ ከመሥራት ይልቅ፣ ከአባላቱ ሁለቱን እያሠራ ያርም። ከዘጠነኛው ወር በኋላ ሁለቱ ሴቶች ያለ እርሱ አንድ ሙሉ የሩብ ዓመት ሒሳብ ይዝጉና ለጠቅላላ ጉባኤው ያንብቡ፤ ስህተቱ ካለ እርሱ ገና በውል ላይ ሳለ ይታረማል።